ለእንግዳ የተለቀቀ ውሃ

አገርን ለባዳ ማስተዋወቅና ልጅን ለአማች ማስተዋወቅ አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ልጃችሁን ለመዳር የተቀመጣችሁ እንደሆነ "ስትቆጣ ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ይላል" ብላችሁ ወሬ አትጀምሩም። መጀመሪያ መልኳ ይነሣል፣ ከዚያ ሙያዋ፣ ከዚያ የአያቶቿ ደግነት፤ ቁጣዋን ሙሽራው ራሱ ይደርስበታል። ወረዳዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ከየአገሩ የሰበሰብኳቸው "ወረዳችንን ይወቁ" የሚሉ በራሪ ጽሑፎች አንድ ካርቶን ሞልተዋል፤ ስማቸውን በጣታችሁ ሸፍናችሁ ብታነቧቸው ቆላውን ከደጋው አትለዩትም። ሁሉም ለም መሬት አለው፣ ሁሉም ትጉህ ሕዝብ አለው፣ ሁሉም ምቹ የአየር ንብረት አለው።

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ያለው የባለቤቴ መንደር ሰዎች እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዳዘጋጅላቸው ሲጠይቁኝ፣ ብዕሬ "ምቹ የአየር ንብረት" ላይ ደርሶ ቆመ። ለማን ነው ምቹ? ለማንጎው፣ ለማሾው፣ ለሽንኩርቱ፣ ለትንኟም ጭምር። ለሰው እንዳልል እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ጣርማ በር ላይ ካፖርት፣ ደብረ ሲና ላይ ሹራብ የምለብስ፣ ሮቢት ስደርስ ግን ቆዳዬንም ባወልቅ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። የመንደሩ ሰው ይህን አያምንም። በታኅሣሥ ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ "ዘንድሮስ ብርዱ ጨረሰን!" ይላል። እኔም በሸሚዝ ቆሜ ላቤን እየጠረግሁ አብሬ አዝናለሁ። ምን ላድርግ? አማች ነኝ።

ጽሑፉ የተፈለገው በአንድ ሰው ምክንያት ነበር። አቶ ሰለሞን የሚባሉ የአዲስ አበባ ነጋዴ የሽንኩርት መጋዘንና የችግኝ ማፍያ ሊሠሩ ቦታ ያማርጣሉ ተባለ። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሽንኩርት "ትንሽ ቆየኝ" ቢሉት አይሰማም፤ በዚህ ሙቀት ከተነቀለ በኋላ ማደሪያ ካላገኘ መበስበሱን ይጀምራል። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ ማሳው ዳር ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና ዋጋ ይጠራል። ገበሬው ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል። ደላላው አይነሣም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የገበሬው ራስ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ይጀምራል። መጋዘን ካለ ግን ገበሬውም መቀመጥ ይችላል ማለት ነው።

ይህን እንደ መንደራችን ሽንኩርት አምራች እንደ እትዬ ዘሃራ የሚያውቅ የለም። አምና ያን የመሰለ ሽንኩርታቸውን "በዚህ ዋጋስ አልሸጥም" ብለው መንገድ ዳር ከምረው በስብሶባቸው ቀርቷል።

ነጋዴው በስልክ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ውሃ አለ ወይ? ሕዝቡስ ተስማምቶ ይኖራል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ከየት እንደመጣ አልጠፋንም። አጣዬ ሩቅ አይደለችም፤ የተቃጠለች ጊዜ ሸሽቶ የመጣውን ሰው እኛም ቤት አስጠግተናል። ለሁለቱም ጥያቄ ቃል ከምንደረድር በዓይናቸው ይዩት ተባለ። ለእሳቸው የታሰበው መሬት ግን ከቦዩ ጭራ ላይ ነው። የወንዙ ውሃ በተራ ስለሚሄድ እስከዚያ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ከንጋት እስከ ቀትር የአንዱ ነው፣ ከቀትር እስከ ማታ የሌላው። ተራውን የሚጠብቁት፣ ሲጣሉም የሚፈርዱት የውሃ አባት የሚባሉት ጋሼ ሞገስ ናቸው። እንግዳው በሚመጡበት ዕለት የጠዋቱ ተራ የእትዬ ዘሃራ፣ የከሰዓቱ የራሳቸው የጋሼ ሞገስ ነበር።

"የእኔ ተራ ይፍሰስለት!" አሉ እትዬ ዘሃራ በስብሰባው ላይ። "እንግዳ ደረቅ ቦይ አይቶ አይመለስም፣ ወላሂ!"

"ሰው ሁሉ ሰምቷል" አሉ ጋሼ ሞገስ። "በሰው ፊት የተሰጠ ውሃ አይመለስም፤ ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ።"

ዕለቱ ደረሰ። ውሃው ገና ሲነጋ ተለቀቀ፤ እኛም ጽሑፌን በእጃችን ይዘን ተሰለፍን። እንግዳው ግን የሉም። ስንደውል ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ይዟቸዋል፤ ተራራውን የሚያሳልፈው የመኪና ዋሻ አፍ ላይ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። "ብርዱ አይጣል ነው" አሉን። ላባችን ጫማችን ውስጥ እየገባ ይህን መስማት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ውሃው ግን አይጠብቅም። የእትዬ ዘሃራን ማሳ በጎን እያለፈ፣ ባዶውን የእንግዳ መሬት አቋርጦ፣ ማሽላው ታጭዶ ቆረኑ፣ ማለት የአገዳው ጉቶ፣ ብቻ የቀረበት ሜዳ ላይ ተንጣለለ። ሽንኩርቱ ኳሱን ሊቋጥር ደርሶ ነበር፤ በዚህ ጊዜ አንድ ተራ ያለፈው ሽንኩርት ቢኮተኮትም ቢለመንም አይደልብም። ፀሐይዋ ከረር ስትል ቅጠሉ መተኛት ጀመረ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። እትዬ ዘሃራ አንዴ ሽንኩርቱን፣ አንዴ መንገዱን ያያሉ። በመጨረሻ አካፋቸውን አንሥተው ወረዱ፤ ቦዩን በአፈር ደፍነው ውሃውን ወደ ማሳቸው መለሱት።

"ዘሃራ! ምን እየሠራሽ ነው?" ጋሼ ሞገስ ከጥላው ሥር ብድግ አሉ።

"ሽንኩርቴን እያጠጣሁ።"

"የሰጠሽውን ውሃ?"

"የሰጠሁት ለእንግዳ ነው። እንግዳው የታለ? የሚጠጣው የማሽላ ቆረን ነው። ቆረን ደግሞ መጋዘን አይሠራልኝም!"

"ሰጥተሻል፣ ሰጥተሻል! ደግሞ ጥላሽን እዪው፤ እግርሽ ሥር ገብቷል። ቀትር ነው፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።"

"አንቱ የውሃ አባት አይደሉም እንዴ? አባት ልጁን አስጠምቶ ይጠጣል?"

"ቲማቲሜ አባትነቴን መች ያውቃል!"

ሰው ተከፈለ። ከፊሉ ከሽንኩርቱ፣ ከፊሉ ከቲማቲሙ ጋር ቆመ። ዳኛ እንዳይጠራ፣ የውሃ አባት በራሱ ተራ ላይ አይፈርድም። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አባቶች ያቆዩት አንድ መንገድ አለ፤ መጀመሪያ የመጣ መንገደኛ ይፈርዳል። ይህ ገና ተነሥቶ ሳያልቅ አቧራ ታየ። መኪና ነው።

"እንግዳው መጡ! ዝም በሉ፣ ፈገግ በሉ!" አልኩ። የሰማኝ የለም።

አቶ ሰለሞን የጣርማ በር ሹራባቸውን እንደለበሱ ወረዱ። "ስምምነት አለ ወይ?" ብለው የጠየቁት ሕዝብ በሁለት ወገን ቆሞ እየጮኸ ነው፤ "ውሃ አለ ወይ?" ያሉት ቦይ ፊት ለፊታቸው ደርቋል። እኔ የሥራዬ መጨረሻ መሆኑን አውቄ ጽሑፌን ሰጠኋቸው። ተቀብለው እንደ ማራገቢያ አራገቡበት።

"ልጄ፣ መንገደኛ ነህ?" አሏቸው ጋሼ ሞገስ።

"አዎ... መንገደኛ ነኝ።"

"እንግዲያው ፍረድ።"

ሁለቱም ተናገሩ። አቶ ሰለሞን ሹራባቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ጠየቁ፤ "ውሃው ሜዳ ላይ የፈሰሰው በማን ጥፋት ነው?"

"በእንግዳው" አሉ እትዬ ዘሃራ ቀስ ብለው።

"እንግዳው ማነው?"

ዕድሜ ልኬን እውነት ስዘግብ ኖሬያለሁ፤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። "እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

ማራገባቸውን አቆሙ። "እዚህ መሬት የወሰደ ሰው የውሃ ተራ ይደርሰዋል?"

"ይደርሰዋል" አሉ ጋሼ ሞገስ። "ሁሉም ሲያበቃ።"

"ጥሩ። የዛሬው ለእትዬ ዘሃራ ይሁን። ለጋሼ ሞገስ ደግሞ ጥፋተኛው፣ ማለት እኔ፣ የመጀመሪያ ተራዬን ሰጥቻቸዋለሁ።"

አቶ ሰለሞን የቀለዱ መስሏቸው ሳቁ። የሳቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋሼ ሞገስ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ሰማችሁ?"

"ሰማን!" አለ ሁለቱም ወገን ባንድ ድምፅ። ያን ቀን ስምምነት የታየው እዚያ ላይ ነው።

"በሰው ፊት የተሰጠ ውሃ አይመለስም" አሉ ጋሼ ሞገስ፤ የእንግዳውንም እጅ ጨበጡ።

አቶ ሰለሞን "አስቤበት እደውላለሁ" ብለው ሄዱ። ይህ ቃል በንግድ ዓለም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጋሼ ሞገስ ግን አያውቁም፤ ስለዚህ እሳቸው ይደውሉ ጀመር። "ልጄ፣ ተራዬ መቼ ነው?" ይላሉ። ክረምቱን ሙሉ ደወሉ። መሬት ሳይኖረው የውሃ ባለዕዳ የሆነ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ስልኩን ይለውጣል፣ ወይ መሬቱን ይወስዳል። አቶ ሰለሞን ስልካቸውን አልለወጡም።

የጋሼ ሞገስ ቲማቲም የዚያን ቀን ፍርዱን ስላልሰማ እኩሌታው ጠውልጎ ቀርቷል፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። ለእሳቸው የተሰጠችው ተራ ኋላ ሌላ ቲማቲም አብቅላለች። የእትዬ ዘሃራ ሽንኩርት አሁን መጋዘን ያድራል። በቀደም ደላላው ዋጋ ሲጠራ እሳቸው ከጎኑ ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ። አመሻሽ ላይ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች የነቀነቀው እሱ ነው።

ጽሑፌ ምንም አለመሥራቱን አምኛለሁ። ቢሆንም ለማወቅ ያህል፣ ስለ አየር ንብረቱ የጻፍኩትን አንብበውት እንደሆነ አቶ ሰለሞንን ልጠይቅ ሄድኩ። ታኅሣሥ ነበር፣ ማለዳ። እኔ በሸሚዝ ላቤን እየጠረግሁ ደረስኩ። እሳቸው መጋዘናቸው በር ላይ ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል።

"ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ!" አሉኝ። "ዘንድሮስ ብርዱ ጨረሰን።"