አስተውሎት የሌለው መካሪ

መሳፍንት፦ ይቅርብዎት ነው የምልዎ ጋሼ ሙሳ። ስልክ መከረኝ ተብሎ ካራቆሬ ድረስ ይኬዳል?

ሙሳ፦ የመከረኝ ስልኩ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ነው።

(ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ስር። የሙሳ ሚስት ናጅዋ ተቀይማ ካራቆሬ አባቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች። ሙሳ ቤቱ ጭር ቢልበት ጭንቀቱን ለስልኩ አዋየው፤ ስልኩም ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቃት መከረው። ግቢው ውስጥ የተከራየው መምህር መሳፍንት ይህን ሰምቶ ሊያስቀረው እስከዚህ ተከትሎታል።)

መሳፍንት፦ ውስጡ ማንም የለም። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው የሚባለው።

ሙሳ፦ አስተውሎት ካለው ታዲያ ምን ጎደለው?

መሳፍንት፦ የለውም እኮ። ስሙ ብቻ ነው።

ሙሳ፦ እሱስ እውነትህን ነው። አንተም መሳፍንት ተብለህ የምትኖረው እኔ ጓሮ ተከራይተህ ነው።

(መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ማስተማር ጀመረ። ማሽኑ ከሌላ የሰማውን እንደሚደግም፣ የማያውቀውንም አውቃለሁ እንደሚል፣ ለሁሉም ነገር መልስ እንደማያጣ ዘረዘረለት። ሙሳ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው ያውቃል፤ ግን ቅያሜ እንዳይጨመርበት ስሙን አልጠራም።)

ሙሳ፦ እኔ የማውቀው፣ ስነግረው መጀመሪያ «ምን ብለሃት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ከጠዋት ጀምሮ ስታስተምረኝ አንዴም አልጠየቅከኝ።

መሳፍንት፦ እሺ፣ ምን ብለዋት ነው?

ሙሳ፦ (አንገቱን ደፍቶ) በወንድሞቿ ፊት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አልኳት።

(የሚኒባሱ ረዳት «ካራቆሬ፣ ካራቆሬ» እያለ ይጣራል። ሙሳ ተነሳ።)

መሳፍንት፦ ሽማግሌ ይላኩ። እሱን ግን እንዳያምኑት፤ አያስብም፣ ይቀባጥራል።

ሙሳ፦ እንደማያስብ ማን ነገረህ?

መሳፍንት፦ ራሱ ነዋ። ጠይቄው በግልጽ ነገረኝ።

ሙሳ፦ አመንከው?



መሳፍንት፦ (ስልኩን ከኪሱ እያወጣ) አንዴ ይቆዩማ፤ ጠይቄው ልመልስልዎ።

(ሙሳ አልቆየም። ካራቆሬ ደርሶ፣ በእነዚያው ወንድሞቿ ፊት፣ «የማላውቀውስ እኔ ነበርኩ» አላት። ናጅዋም ትንሽ አስለምናው ነጠላዋን አነሳች። አብረው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ መምህሩ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ኒሙ ስር ቆሟል፤ ኔትወርክ ይጠብቃል።)