የእድራችን ወይራ

ቅጠል ማለት ከቅርንጫፍ ላይ በቅሎ የሚኖር፣ ዕድሜው ሲደርስም በራሱ ጊዜ የሚረግፍ ስስ የተክል አካል ነው። «በራሱ ጊዜ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አቃቂ በሰቃ፣ እድራችን ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ወይራ ነበር። ከጥላው ሥር እማማ ጫልቱ ቆሎ ይሸጣሉ። አካባቢው ሁሉ ማሳ ሳለ እዚያው የተወለዱ ናቸው፤ ማሳው ፋብሪካና መንደር ሲሆን እሳቸውም ዛፉም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ባለፈው ዓመት ግን የእድሩ ዳኛ አቶ በዛብህ፣ ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡና ሥራ መፍታት የማይሆንላቸው ሰው፣ ወይራው ተቆርጦ ለድንኳንና ለወንበር ማስቀመጫ መጋዘን ይሠራበት አሉ።

እማማ ጫልቱ የኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኔን ያውቃሉ። ቤቴ ድረስ መጡ።

«አባቴ ተከለው አልልህም፤ ከአባቴም በፊት ነበረ። ግን ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ መሬት የቀረኝ እሱ ነው። የተማርክ ነህ፣ አንድ ነገር በልልኝ።»

አልኩላቸው። በጠቅላላ ጉባኤው ተነስቼ፣ የወይራ ቅጠል ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባል፣ ከትራይተርፔኖይድ ወገን የሆነ ንጥረ ነገር እንዳለው፣ ዛፉ ራሱን ከተባይ እንደሚጠብቅበት፣ ተመራማሪዎችም ለስኳርና ለጉበት ይጠቅም እንደሆነ በአይጥ ላይ እየሞከሩት መሆኑን አስረዳሁ። በሰው ላይ ገና እንዳልተረጋገጠም ተናገርኩ። እዚህ ላይ ስደርስ ጭብጨባው ስለጀመረ የሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ «ስኳርና ጉበት እንደሚያድን መምህር በሳይንስ አረጋግጠዋል» ብሎ አሰፈረ። ዛፉ እንዳይቆረጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እማማ ጫልቱ እስኪደክማቸው መረቁኝ።

በማግስቱ አንዱ መሰላል ይዞ መጣ። በሳምንቱ ከገላን ኮንዶሚኒየም ሳይቀር ሰው በባጃጅ ይጎርፍ ጀመር። እድሩም ነገሩ ሥርዓት እንዲይዝ ብሎ፣ ድስትና ወንበር በሚያውስበት መዝገብ ቅጠሉን ለአባላት በተራ ያድል ገባ። የእድር ሥራ እኮ የሚጀምረው መድኃኒት ሲያቅተው ነው። የእኛው ቀደም ብሎ ተነሳ።

አቶ በዛብህን ማዳበሪያ ሙሉ ቅጠል ሲቋጥሩ አገኘኋቸውና፣ በሰው ላይ አልተረጋገጠም ብዬ እንደነበር አስታወስኳቸው።

«እኛ ታዲያ ምንድን ነን?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እናረጋግጥልሃለን።»

ዛፉ ያንን አሲድ የሚያዘጋጀው ከተባይ ሊጠበቅበት ነው ብያችኋለሁ። ከእድርተኛ አይጠብቅም። ክረምቱ ሳይወጣ በራሱ ጊዜ የሚረግፍ አንድ ቅጠል እንኳ አልተረፈውም። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው፣ ለካ ስለ እኔ ኖሯል።

ወይራው ደረቀ፤ ተቆረጠ፤ መጋዘኑም ተሠራ። የአቶ በዛብህ ስኳር እንደነበረ አለ። እማማ ጫልቱ አሁን የሚቀመጡት በመጋዘኑ ጥላ ሥር ነው። የሚያጠላው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።