የዲቪደንድ ዋስ

እኛ ሰዎች አሜሪካ ከገባን ወዲህ የምንጣላበት ነገር አጥተን አናውቅም። በፖለቲካ ተኳርፈናል። በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ተከፋፍለን የመኪና ማቆሚያው እንኳ ወገን የለየበት ጊዜ ነበር። ይሁን፣ እሱስ የቆየ ነው። የጡረታ ገንዘብ የት ይቀመጥ ብሎ መኮራረፍ ግን ምን የሚሉት ጉድ ነው? እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ፣ ከንፈራችሁን መጥጣችሁ ሳትጨርሱ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ወደ ጆሯችሁ ጠጋ ብሎ "ዲቪደንድ ነዎት ወይስ ኢንዴክስ?" ይላችኋል። ሃይማኖት የጠየቀ ነው የሚመስለው። ሟቹ ራሱ ቀና ብሎ ሊመልስለት ምንም አልቀረው።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔም የተማርኩት ቆሜ ነው፣ እንዴት እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ። ዲቪደንድ ማለት የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ትገዛላችሁ፣ ኩባንያው ደህና ሲያተርፍ ከትርፉ ቆንጠር አድርጎ በየሦስት ወሩ ይልክላችኋል። ኢንዴክስ ፈንድ ደግሞ እንደ በያይነቱ ነው፤ ገበያው ላይ ካሉት ኩባንያዎች ሁሉ ጥቂት ጥቂት አንድ ትሪ ላይ ይቀርብላችኋል። ልዩነቱ፣ በያይነቱን ወዲያው ትበሉታላችሁ። ይኸኛውን ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብላችሁ ትጠብቁታላችሁ።

ይህ ነገር ሰርግ ሊያፈርስብኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ዳዊት ሎረል የሚኖር ፋርማሲስት ነው። አባቱ በሕይወት ስለሌለ ሽማግሌነቱ እኔ ላይ ወደቀ። የወደዳት ልጅ ሣራ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የተፈራ አንድያ ልጅ ናት። ተፈራ ጡረታ የወጣ ባለታክሲ ነው፤ በዕድሜ ስለምበልጠው "እሱ" እያልኩ ባወራላችሁ አትቀየሙኝ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ልጁ ብቻ ናቸው። እሱ፣ ልጁና የጥርስ ሳሙናው ብል ይሻላል። ዲቪደንድ የሚልክለት አንድ የጥርስ ሳሙና የሚሠራ ኩባንያ ስለሆነ፣ እንዳይከስርበት ብሎ ምርቱን እየገዛ ምድር ቤቱን ሞልቶታል። እዚያ የተከመረው ሳሙና ቨርጂኒያን ከነሜሪላንድ አስቦርሾ ለዲሲ ይተርፋል።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ፣ ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ ላይ ግማሽ ዕድሜያችንን ጨርሰን ደረስን። ያስከተልኩት መኮንንን ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታክስ የሚሠራልን ሰው ነው። የመረጥኩት ሙሉ ልብስ ሲለብስ ሚኒስትር ስለሚመስል ነበር። ሚኒስትር እንደሚያወራም መገመት ነበረብኝ።

እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። የልጁን ጠባይ አንድ በአንድ አቀረብኩ፤ አይጠጣም፣ እናቱን ይጦራል፣ ሰው አክባሪ ነው። ተፈራ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ተቀመጡ ሊለን እጁ ወደ ሶፋው ተዘርግቶ ነበር። ይሄኔ መኮንን፣ ነገር ያሳመረ መስሎት፣ "ገንዘቡንም አያባክንም። ያለው ሁሉ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ነው" አለ።

የተዘረጋው እጅ ተመለሰ።

"በየስንት ጊዜው ነው የሚያገኝበት?" አለ ተፈራ።

"የሚገኘው መልሶ እዚያው ይገባል። ሠላሳ ዓመት አይነካውም።"

"አያየውም?"

"ባያየው ነው የሚሻለው" አለ መኮንን፣ በኩራት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እግዚአብሔር ይፍረደው። ተፈራ ገበያው በተንኮታኮተበት ዓመት እንኳ ቼኩ ከፖስታ ሳጥኑ አልቀረም አለ። መኮንን፣ የሚልኩልህ እኮ ከራስህ አክሲዮን ዋጋ ላይ ቀንሰው ነው፣ ለዚያውም ታክስ ትከፍልበታለህ፣ ደግሞስ ሰው ጥርሱን መቦረሽ ቢተውስ ብሎ መለሰ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። መሀል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሄርንደን የሚሰማ ድምፅ ያሰማ ጀመር። ስለ ልጁ ወላጆች የጠየቀ የለም፣ ስለ ምግባሩ የጠየቀ የለም። ሴት ልጅ ለመጠየቅ መጥተን አክሲዮን ስናሻሽጥ ዋልን። እኔስ ደሜ ፈላ።

በመጨረሻ ሣራ ከፎቅ ወረደች። "ዳዲ፣ ፕሊስ። ሽማግሌዎቹ እኮ ቆመዋል" አለችው።

ተፈራ እሷን አየና ድምፁ ወረደ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ ያለውን ነገር ሠላሳ ዓመት ሳያይ የሚቆይ ልጅ ነው አላችሁኝ" አለ። "ልጄን ወስዶ እንደዚያው ቢያስቀምጥብኝስ? እኔ ሠላሳ ዓመት የለኝም።"

ለካ ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ የሚያወራው ስለ ገንዘብ አልነበረም።

"በየእሑዱ ይመጣሉ" አልኩት። "ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ለምሳ። ያንተ ኩባንያ በየሦስት ወሩ ነው የሚልከው። ይኸኛው በየሳምንቱ ነው።"

"ዋሱ ማነው?"

"እኔ ነኛ።"

"በሉ ተቀመጡ" አለ። ከዚያ የበለጠ የሚመች ሶፋ ላይ በዚህ ምድር ተቀምጬ አላውቅም።

ሰርጉ አለፈ። ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን በየእሑዱ መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው። እየቆየ ግን ዳዊት የእሑድ ሥራ ደረሰበት፣ ሣራ ኮሌጅ ፓርክ ትምህርት ጀመረች፣ አንድ እሑድ ቀሩ። ወዲያው ተፈራ ኮል አደረገልኝ። ስሜን አልጠራም። "ዋሴ፣ ምሳው ቀርቧል" ብሎ ዘጋው።

ይኸውላችሁ፣ እነሱ በቀሩ ቁጥር በዚህ ዕድሜዬ ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረውን ድልድይ እያቋረጥኩ የምሳውን ዕዳ የምከፍል እኔ ሆንኩ። ተናድጄ እሄዳለሁ፣ ተናድጄ እጎርሳለሁ። ስለ ዲቪደንድ ያስተምረኛል፣ መኮንን የነገረኝን እየጠቀስኩ አናድደዋለሁ። ልወጣ ስል የጥርስ ሳሙና ያስይዘኛል። ጥርስ የት አለኝና?

ባለፈው እሑድ ልጆቹ ተፈራ ዘንድ እንደሄዱ ሰማሁና እፎይ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። ስልኩ ጮኸ፤ ተፈራ ነው።

"ልጆቹ መጥተው የለም እንዴ?" አልኩት።

"መጥተዋል። ዋሱ ነው የቀረው።"

ጫማዬን መልሼ አሰርኩ።