ነውሩ ያልተነገረለት ጭስ

በእኛ አገር ከብት ሲሸጥ ነውሩ ይነገራል። በሬው ይዋጋ እንደሆነ፣ ላሟ ስትታለብ ትራገጥ እንደሆነ፣ አህያው መንገድ ላይ ይተኛ እንደሆነ፣ ሻጩ ብሩን ከመቀበሉ በፊት ይናገራል። እሱ ዝም ካለ አጠገቡ የቆመ ጎረቤቱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ገዢውም ይገባዋል። ሙስሊሙ «የሰው ሐቅ ነው» ይላል፤ ክርስቲያኑ «ኩነኔ ነው» ይላል። በሁለቱም በኩል ነውር ደብቆ የሸጠ ሰው ገንዘቡ አይበረክትለትም። ይህን እንደምታውቁ አውቃለሁ። ደንቡ ለከብት ብቻ ነው ወይስ ለሚሸጥ ነገር ሁሉ? እኔን ይህ ጥያቄ የያዘኝ ጭስ ሲሸጥ ካየሁ በኋላ ነው።

«ጭስ ይሸጣል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ይሸጣል። እንዲያውም የሚሸጠው የጨሰው አይደለም። ሳይጨስ የቀረው ነው!

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባል ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሰፈራችን በላይ አንድ የጦር ካምፕ ነበር። ካምፑ በእንጨትና በተቃጠለ ዘይት የሚነድ የዳቦ ምድጃ ነበረው። ዳቦውን ወታደሮቹ ይበላሉ፤ ጭሱን እኛ። ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ መቀስ ላነሳ ዞር ስል ጥላሸት ነጠብጥቦበት አገኘዋለሁ። የእኔስ ጨርቅ ነው፣ ይታጠባል። የእትዬ ሰዓዳ ግን ሳንባ ነበር።

እትዬ ሰዓዳ ከካምፑ አጥር ሥር ለብቻቸው የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ አስም አለባቸው። ጭሱ በወረደ ቁጥር ደረታቸው ሲር ሲር ይላል፤ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ያድራሉ። ፋጡማ የምትባለው አንዲት ልጃቸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥራ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። «እማ፣ ወደ እኔ ውረጅ፤ እዚህ አየሩ ሞቃት ነው፤ ጭስም የለም» እያለች ዘወትር ትለምናቸዋለች። እሳቸው ደግሞ «አባትሽ ያስገባኝን ቤት ለጭስ ብዬ አልለቅም» ይላሉ። ግትር ናቸው፤ ወሎዬ ናቸዋ!

ስንት ጊዜ ተሰብስበን ለአቤቱታ ወደ ካምፑ በር ወጣን መሰላችሁ። ኃላፊው ብቅ ይልና «የምን ጭስ?» ይለናል። ይህን ሲል ጭሱ በቆቡ ላይ አልፎ ወደ እኛ ይመጣል። እኛም እየሳልን እንመለሳለን።

አገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀበት፣ ልማቱ ሁሉ «አረንጓዴ» በተባለበት ጊዜ ነው፤ አንድ ቀን ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። ከአዲስ አበባ የመጣ ለስላሳ ወጣት ባለሙያ አስረዳን። ካምፑ ምድጃውን በኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ በዚህ የተነሳ ሳይወጣ የሚቀረው ጭስ ተሰልቶ ለሌላ አጫሽ ይሸጣል፤ የገዛውም ያንኑ ያህል ለማጨስ መብት ያገኛል። እኛ «ላም አለኝ በሰማይ» እያልን ስንስቅ ሰዎቹ ለካ ላሚቱን አልበው ጨርሰዋል። ታዲያ ገበያው እንዲያምር ጭሱ ቀድሞ እንደነበረ፣ ያውም ብዙ እንደነበረ የሚመሰክር ሰው ያስፈልግ ነበር።

ያን ጊዜ ማን ብድግ ቢል ጥሩ ነው? ያ ኃላፊ! «እናንተ ታውቃላችሁ፤ እንዴት ያለ ጭስ ነበር! ዓይን ያጠፋ ነበርኮ!» አለን። ያኔ የሰፈሩ ምላስ ተፈታ። አንዱ ጎረቤቴ ዶሮው ጥቁር እንቁላል መጣሏን በእናቱ ስም ማለ። እትዬ ሰዓዳ ግን ያልሆነ ነገር አልጨመሩም። ቁጭ ብለው ስለሚያድሩት ሌሊት ሲናገሩ ሳሉ ሳል ያዛቸውና አቋረጣቸው። ባለሙያው «በጣም ጥሩ ምስክርነት ነው» አላቸው። በመጨረሻ ዱዓ እንዲያደርጉ ተጠየቁ፤ እጃቸውን ዘርግተው «ለሻጩም ለገዢውም አላህ በረካ ያድርገው» አሉ። ሁላችንም አሚን አልን።

ምድጃው ጠፋ፤ እትዬ ሰዓዳም ጋደም ብለው መተኛት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆመው «ተፈራ፣ አየር ለካ ጣዕም አለው» ሲሉኝ እንባዬ መጣ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለሙያው ሊያመሰግነን መጣ። እትዬ ሰዓዳ ደስታቸው አልበቃ ብሏቸው «ገዢው ማነው ልጄ? በስሙ ልመርቀው» አሉት። ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ነው ብሎ ስሙን ነገራቸው። ፋጡማ የምትሠራበት ነው።

እትዬ ሰዓዳ የተዘረጋ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ነውሩን ነግራችኋቸዋል?»

«የምን ነውር?»

«ደረት እንደሚይዝ። ሰው ቁጭ አድርጎ እንደሚያሳድር።»

«እትዬ፣ ገዢው ሁሉንም ያውቃል።»

«እኔ ገዢውን መች አልኩህ? ከኋላው ያሉትን ነው እንጂ!»

ልጁ እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

በማግስቱ «ተነስ፣ አድርሰኝ» ብለውኝ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ፋጡማ እየሳለች በር ከፈተችልን። «ጉንፋን ነው እማ፣ ሰሞኑን ነው የያዘኝ» አለች። እትዬ ሰዓዳ አዙረዋት ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ ለጠፉ። ሲር ሲር የሚለውን ድምፅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም። ፊታቸው ሲከስም አየሁ፤ እንደዚያን ቀን ያዘንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ፋጡማ የምትኖርበትን ግቢ ሴቶች ሰበሰቡና ልክ እንደ ከብት ሻጭ ነውሩን ይዘረዝሩ ጀመር። «ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ደመና ሲሆን አይነሳም፣ መሬት ላይ ይተኛል። በሩን ብትዘጉበት በመስኮት ይገባል። ከእኛ ዘንድ የመጣ ነው፤ ሳላውቅ የመረቅሁትም እኔው ነኝ፤ አፉ በሉኝ።» ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷም በእሳቸው አልሳቀችም። ተያይዘን ወደ ፋብሪካው በር ሄድን። አንድ ሠራተኛ ብቅ አለና ሰማን፤ ሰምቶም ሲያበቃ ግንባሩን ቋጠረ።

«የምን ጭስ?»

እትዬ ሰዓዳ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው «አብሽሩ፤ እኛንም እንዲሁ ነበር የሚሉን። ገዢ የተገኘለት ቀን ያምናሉ» አሉ።

ፋጡማን ወደ ደሴ እንውሰድሽ ብለን ለመንናት። «እንጀራዬ እዚህ ነው፤ ለጭስ ብዬ አልለቅም» አለች። ያው የእናቷ ልጅ ናት፤ ምን እንላታለን? ትተናት ተሳፈርን።

ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እትዬ ሰዓዳ በመስኮት ወደ ኋላ ያያሉ።

«ተፈራ።»

«አቤት እትዬ።»

«ከኮምቦልቻ በታች ሐርቡ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ወደ ቆላው።»



«ሐርቡ ላይ የምናውቀው ሰው አለ እንዴ?»