ውዝፍ የሌለበት ላቦራቶሪ

በሆስፒታሉ ታሪክ እንደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪው ኃላፊ ለሥርዓት የቆመ ሰው አልተገኘም፤ ይገኛል ተብሎም አይጠበቅም። በዚያ ሰሞን ግን ሰውየው በፍርሃት እንቅልፍ አጥተው ነበር። ከአንገታቸው ሥር የወጣች እብጠት ክፉ ትሁን ደግ ገና አልታወቀም። ወሬ እንዳይሆንባቸው፣ በቀዶ ሐኪሙ አስቆርጠው፣ በእሱ በኩል ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ወደ ገዛ ላቦራቶሪያቸው አስልከዋታል።

ተቆጣጣሪዎች ሰኞ ሊመጡ መሆኑ ሲሰማ ኃላፊው መደርደሪያውን ጎበኙ። በስተቀኝ ውጤታቸው የተፈረመ ናሙናዎች አሉ፤ መመሪያው ከፊርማው በኋላ አንድ ወር ቆይተው ይወገዱ ይላል። በስተግራ ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፎርማሊን ውስጥ ተነክረው ተራ የሚጠብቁ ስልሳ ብልቃጦች።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ገና ያልተመረመሩ ናቸው ጌታዬ» አለች መርማሪዋ።

«ውዝፍ ነዋ! ገመናችንን በር ላይ ደርድረን ነው እንግዳ የምንቀበለው? የተመረመሩት የትጋታችን ምስክር ናቸው፣ ይቀመጡ። ያልተመረመሩት ይወገዱ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ የሰው ሕይወት እኮ ነው!»

«መመሪያው አስቀምጡ ይላል፣ አስወግዱ ይላል። ሁለቱንም አደረግን። ምን ጎደለ?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላ አጉረመረመች። የሰማት ግን የለም።

ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ስልሳው ብልቃጥ ወደ ማቃጠያው ወረደ። ኃላፊው በደማቁ ፈረሙ። የእሳቸውም እዚያው ውስጥ ትሆናለች ብለው ለአፍታ አላሰቡም። ውዝፍ የሌላ ሰው ነው፤ የራስ ሲሆን ጉዳይ ይባላል።

ሰኞ ተቆጣጣሪዎቹ በስተግራ ባዶ የሆነውን መደርደሪያ እየዳበሱ አደነቁ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጡ። ኃላፊው «እኛ ዘንድ የሰው ጉዳይ አያድርም» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጭብጨባው ሳይበርድ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ። «የዚያች ነገር ውጤት ምነው ዘገየ? ጨርሼ ነው ያወጣኋት፣ ደግሜ የምቆርጠው የለኝም። ሕክምናውን በምን ልጀምር?»

ኃላፊው መርማሪዋን ጠርተው የናሙናዋን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ሰጧት። መዝገቡን ገልጣ በጣቷ ወረደችና ቆመች።

«ከስልሳዎቹ አንዷ ናት ጌታዬ። ተቃጥላለች።»

የኃላፊው እጅ ወደ አንገታቸው ሄደ።

«ባለቤቱ ሲመጣ ምን ልበለው?» አለች፤ ማን እንደሆነ አታውቅም። «ውዝፍ የለብንም ልበለው?»

«መጥቷል» አሉ።