የተኳሹ ሥልጣን

ነፃነት በደም እንጂ በልመና አይገኝም ይባላል። በዚያ የልብስ ፋብሪካ ግን ከባለቤቱ መልካም ፈቃድ የመነጨ ስለነበር፣ ሥራ ሳይስተጓጎል በምሳ ሰዓት ተገኘ።

ባለቤቱ ወንበር ላይ ወጥተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ያፈራነውን እንዴት እንደምንካፈል የሚወስነው እናንተ የመረጣችሁት ሰው ነው" ሲሉ፣ ልብስ ተኳሹ እንባው መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከሸሚዝ ኮሌታ በቀር የተኮሰው ነገር የለም። ያን ዕለት ግን "ትርፉ ለሁላችን" የሚል ንግግር ተኮሰ። ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ ሳትቀር ሁሉም እጁን አወጣለት።

በማግስቱ ክራቫት አስሮ ቢሮ ገባ። ባለቤቱ ከመቀመጫቸው ተነሡለት።

"እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። በል እንግዲህ አካፍል።"

"ትርፉን ያስረክቡኛ፣ ጌታዬ።"

"ትርፉማ የኔ ነው። ፋብሪካው የማን ሆነና? የተመረጥከው ልታካፍል እንጂ ልትወርሰኝ ነው እንዴ?"

"ታዲያ ምኑን ላካፍል?"

"ኪሳራውን። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ሥራው ለሁሉም አይበቃም። ማን ይሰናበት የሚለውን እኔ ብወስን አምባገነን እባላለሁ። አንተ የሕዝብ ድምፅ አለህ። እምቢ ካልክም ግድ የለም፤ ዘግቼ ርካሽ ሠራተኛ ወዳለበት እሄዳለሁ።"

ተኳሹ ቢያወጣ ቢያወርድ ሰው ማባረር አልሆነለትም። በመጨረሻ የሁሉም ሰዓትና ደመወዝ እኩል እንዲቀነስ ወሰነ። ከባለቤቱ በቀር ሁሉም እኩል ሆነ።

ያን ሰሞን ሚስቱ እራት ስታቀርብ ሳህኑ ቀለል ብሎት፣ "ምነው?" አላት።

"እኔም በእኩል ቀንሼ ነው።"

"ተቆጣሽ?"

"እኔማ ምን አገባኝ። ብቻ ድሮ ጌታውን ነበር የምናማው፤ አሁን ባሌን ሆነ። አብሬ ካላማሁ ደግሞ የባለሥልጣን ሚስት ይሉኛል።"

ሐሜቱ ውሎ አድሮ አቤቱታ ወለደ። ሠራተኛው ተሰብስቦ የባለቤቱ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆመ። "ጌታችን፣ ከዚህ ሰውዬ ይገላግሉን" አሉ። ከሁሉም ኋላ ተኳሹ ራሱ ቆሞ ነበር፤ እንዲያወርዱት ሊለምን።

ባለቤቱ ብቅ ብለው ሁሉንም ሰሙ። ፊታቸው በሐዘን ጠቆረ።

"ልጆቼ፣ አንጀቴን በላችሁት" አሉ። "ግን ምን ላድርግ፤ እኔ በሕዝብ ምርጫ ጣልቃ አልገባም።"

በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።