አየሩ ጥሩ ነው፤ ከዚያስ?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው አንድ ምርቃትና አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። ሰበታ ኑሩ፣ ሱሉልታ ኑሩ፣ እንደኛ ቡራዩ ኑሩ፣ ለውጥ የለውም። ምርቃቱ "ታድላችሁ፣ አየሩ!" የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽ ቆይቶ፣ ሻዩ ከቀረበ በኋላ ይመጣል፤ "ግን እዚያ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?" እውነቱን ልንገራችሁ? የሰፈራችን ሰው ዋና ሥራው ሰልፍ ነው። ጠዋት ወደ ከተማ ለመሄድ ታክሲ ይሰለፋል፣ ማታ ወደ ዛፎቹ ለመመለስ ይሰለፋል። ዛፎቹን በብርሃን የሚያያቸው እሁድ ብቻ ነው። እሁድ ደግሞ ልብስ ያጥባል።

እኔ በተፈጥሮዬ መቀመጥ አይሆንልኝም። ከበራችን እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ በራችን ስመላለስ የሰፈሩ ውሾች እንኳ ሰልችቷቸው መጮኽ ትተውኛል። በመሀል ያገኘሁትን አነባለሁ፤ አሮጌ መጽሔት ይሁን ስልክ ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ አልመርጥም። ችግሩ ያነበብኩትን ለሰው ካላስረዳሁ ያመኛል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰው ለምን ቶሎ እንደሚደክመው፣ ባህር ዛፍ ከየት አገር እንደመጣ፣ ጤፍ ለምን እንደሚተኛ ያልነገርኩት ታክሲ ተሰላፊ ቢኖር ጆሮው የማይሰማ ብቻ ነው። እማዬ ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ ነው ጋሼ ታደለን በእኔ ላይ የጣለችው።

ጋሼ ታደለ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሰው ናቸው። ያረጁበት ሰፈር ለልማት ሊነሣ ሆኖ ጎረቤቶቻቸው አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ ሌላው ለገጣፎ ተበትነዋል። ለእሳቸውም ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፤ አራተኛ ፎቅ፤ ጉልበታቸው ግን ከመጀመሪያው ፎቅ በላይ አይሄድም። እማዬ የምትፈራው ወንድሟ ማንም በማያውቃቸው ደረጃ ላይ ብቻቸውን ወድቀው እንዳይቀሩ ነው። ከእኛ ጋር ይኑሩ ብላ ስንት ጊዜ ለመነች። እሳቸው ደግሞ ጫካ ውስጥ ምን እሠራለሁ ይላሉ። በመጨረሻ እሁድ መጥተው ሊያዩ፣ ሰኞ ወይ ፎቁ ወይ ቡራዩ ብለው ሊቆርጡ ተስማሙ።

"አንድ እሁድ አለህ" አለችኝ እማዬ። "ያ ሁሉ ወሬህ ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው?"

ጥምቀት ያለፈ ሰሞን ነበር። ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በጠዋት ደረሱ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እንግዲህ ማሳወቅ የእኔ ፈንታ ነው ብዬ መጀመሪያ ወደ ባህር ዛፉ ወሰድኳቸው። ከአውስትራሊያ እንዴት እንደመጣ፣ ሥሩ ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ፣ ሽታው ለጉንፋን ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ከዚያስ?"

ከዚያማ የገፈርሳ ግድብ ከሩቅ ወደሚታይበት ኮረብታ አወጣኋቸው። ይህ ውሃ ከተማ ድረስ የሚወርድ መሆኑን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ አለ። እኔ ስጠጣ የኖርኩት ይህን ነው ማለት ነው ብለው ቆመው አዩት። ቀጥለው ለእናንተስ በየስንት ቀኑ ይመጣል ሲሉኝ፣ እውነት ስለማይደበቅ፣ ደስ ሲለው እንደሚመጣ ነገርኳቸው።

"ጥሩ ነው። ከዚያስ?"

ወተት ቤት ገባን። ትኩስ ወተት ጨጓራቸውን አይስማማውም። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ተቀምጦ ዛፍ ማየትን ከእሳቸው በፊት የሰለቸሁት እኔ ስለሆንኩ አላግደረደርኳቸውም። ስንመለስ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ጎረቤታችሁ ማነው አሉኝ። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ጥሩ ሰው ናቸው አልኩ። እንዴት አወቅህ ሲሉኝ፣ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ "አካም ቡልተን" እላቸዋለሁ፣ "ነጋ" ብለው ይመልሱልኛል አልኩ።

"ከዚያስ?"

ይኼኛው "ከዚያስ" ከሌሎቹ ይከብድ ነበር። ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ ምን እንደሚባል እኔም አላውቅም። ቀጥለው እድራችሁስ የት ነው አሉ። ከተማ፣ ድሮ በተከራየንበት ሰፈር ነው፤ እማዬ በየወሩ ታክሲ ተሰልፋ እየሄደች ትከፍላለች አልኳቸው። ጋሼ መንገድ መሀል ቆሙ። እኔም አብሬ ቆሜ፣ ልማዴ ነውና፣ ማስረዳት ጀመርኩ። ከከተማ የወጣን ሰዎች ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ አልጋና ቁም ሣጥናችንን ጭነን ስንመጣ እድራችንን እዚያው እንተዋለን። አፌ ላይ እያለ ነው ለራሴ የተሰማኝ፤ ኑሯችንን ይዘን መጥተን ሞታችንን ከተማ ትተነው ነው የምንኖረው ለካ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ አበው። እኛ ሁለቱንም ሩቅ አድርገናቸዋል።

ወደ ቤት ስንጠጋ ኦቦ ገመቹ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ስንወጣ አልነበረም። የሰፈሩ እድር ድንኳን፣ ያ አመድማው ሸራ ነው። ውስጡ ወንዶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ አንዳንዱ አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ጸጥ ብለዋል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በእሳቸው እድር የድንኳን ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ድንኳን አይተው አልፈው አያውቁም። ማን ሞቶ ነው ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። በአማርኛ አጭር ቃል ነው። እኔ ግን የኦቦ ገመቹ እናት በጣም ያረጁ መሆናቸውን፣ የጥር ብርድ ለሽማግሌ ሳንባ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ አስረድቼ፣ እሳቸው መሆን አለባቸው ብዬ ደመደምኩ።

ጋሼ ገቡ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩ። ቀጥ ብለው ወደ ኦቦ ገመቹ ሄደው ትከሻቸውን ያዙና፣ በዚያ ፌርማታ ይጣሩበት በነበረ ወፍራም ድምፅ፣ "እግዜር ያጽናዎት፤ የእናት ነገር መቼም አይለመድም" አሉ።

ከኦቦ ገመቹ አጠገብ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው የተቀመጡ አሮጊት ቀና አሉ።

"የማን እናት?" አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ነገሩ ሠርግ ነበር። የኦቦ ገመቹ ልጅ ልትዳር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሙዚቃው ተቋርጧል፤ ሙሽራው መንገድ ተዘግቶበት ዘግይቷል፤ ሰዉ የተከዘው ርቦት ነው። የእድር ድንኳን እንደሆነ ለለቅሶም ለሠርግም ያው አንድ ነው፤ ይህን ደግሞ ለማንም የማስረዳ ሰው ነበርኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን እያሻሹ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲንተባተቡ አሮጊቷ በምርኩዛቸው አግዳሚውን መታ መታ አደረጉ።

"ይቀመጡ እንጂ፤ ሳልሞት ካለቀሱልኝ ምሳ መብላት ይገባዎታል።"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ኦቦ ገመቹም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባው ብቻ ቀረ። የጋሼን እጅ አልለቀቁም።

"እውነቱን ልንገርዎት" አሉ ቀስ ብለው። "ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። እሷ ከሄደች ቤቴ ባዶ ነው። ያጽናህ ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ገለቶማ፣ ያክብርልኝ።"

ጋሼ ባዶ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አጠገባቸው ተቀመጡ።

የቀረውን ምን አስረዝመዋለሁ። መብራት መጣ፣ ሙዚቃው ፈነዳ፣ ሙሽራው ደረሰ፣ አጃቢው ግር ብሎ ሲገባ አንደኛው ምሰሶ ዘመመ። ጋሼ ካፖርታቸውን ጥለው ዘለው ያዙት። ካስማውን ማን ነው እንዲህ የመታው ብለው ሲቆጡ የእድሩ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ መጀመሪያ ተከራከሩ፣ ቀጥሎ ተስማሙ፣ ቀጥሎ አብረው በሉ። እኔ ጥጌን ይዤ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም ሳላስረዳ ዋልኩ።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችን። ጫካውን ወደዱት ወይ አለች ፈራ ተባ እያለች።

"የምን ጫካ?" አሉ ጋሼ። "ፎቁን አከራየዋለሁ፤ እኔ እዚህ ነኝ። አንቺ ግን እድርሽን ከተማ አስቀምጠሽ እዚህ ብትሞቺ ማን እንዲያነሣሽ ነው?"

እነሆ አሁን ጋሼ እኔ ክፍል ይኖራሉ። እኔ ሳሎን ነኝ። እማዬም በዚያው ወር የሰፈሩን እድር ገባች። ጋሼ ቤት አይገኙም፤ ምሳቸው እየቀዘቀዘ እማዬ ትማረራለች። ወይ ከኦቦ ገመቹ ጋር ዳማ ይጫወታሉ፣ ወይ ሸራ ያሰፋሉ፣ ወይ አሮጊቷ ዘንድ ሄደው "ዛሬስ አሉ?" ብለው ይጠይቃሉ።

ባለፈው እሁድ ከአስፋልቱ እስከ በራችን ተመላልሼ ሲደክመኝ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከተማ ለመሄድ ቆርጬ ነበር፤ ምን እንደምሠራ ባላውቅም ከዚህ አይብስም። ታክሲ ሰልፉ ያጥር እንደሆነ ብዬ አንገቴን ሳሰግግ ጋሼ የድንኳን ገመድ በትከሻቸው አድርገው መጡ።

"አንተ ልጅ፣ እዚህ ተጎልተህ ምን ትሠራለህ? ተነሥ፣ ምሰሶ ያዝልኝ።"

ሄጄ ያዝኩ። እሳቸው ዙሪያውን ካስማ እየመቱ ራቁ። አየሩ ጥሩ ነበር። ከዚያስ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ምሰሶ የያዘ ሰው የትም አይሄድም።